ተነስቼ፣ ቡና አፍልቼ፣ ክኒኔን ውጬ

ነርሷ «ዛሬ ምን ተሰማዎት?» ብላ ጠየቀች። እኔ በስልኩ መሃል ሆኜ ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። እናትየዋ ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉ፦

«ጠዋት ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ጸሎቴን አድርሼ፣ ቡናዬን አፍልቼ፣ ክኒኔን ውጬ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳልኩ አዞረኝ፤ ልጄ።»

በአንድ ትንፋሽ ነው ያሉት። እኔ ወረቀቴ ላይ ስድስት ጭረት ጫርኩ።

የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ፤ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ። የሥራችን ትልቁ ደንብ በመጀመሪያ መደብ መናገር ነው። ታካሚዋ «አዞረኝ» ካሉ፣ እኔ «አዞራቸው» አልልም። የሳቸው «እኔ» በኔ አፍ «አይ» ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው «እኔ» ነው አፌ ውስጥ የሚውለው። ይሄ ሥራ ባይኖር ኖሮ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስለ ራሳቸው ሲያወሩ አንዱን ሐሳብ ከሌላው እንዴት እንደሚያያይዙት ልብ ብዬ የማዳምጥ አይመስለኝም።

ያን ቀን የመለስኩት ትምህርት ቤት በተማርኩት መንገድ ነበር። «አፍተር ዌኪንግ አፕ፣ አፍተር ዎሺንግ ማይ ፌስ፣ አፍተር ፕሬይንግ…» እያልኩ እስከ ሶፋው ደረስኩ። ሰዋስዉ ላይ ስህተት የለውም። ነርሷ ግን ዝም አለች። ቀጥላ «ማዞሩ የመጣው ከጸሎቱ በኋላ ነው ወይስ ከቡናው በኋላ?» ብላ ጠየቀች። እናትየዋ ግራ ገባቸው። እሳቸው ጠዋታቸውን ነው የተረኩት። እኔ «ከዚህ በኋላ፣ ከዚያ በኋላ» እያልኩ እያንዳንዷን ነገር የፖሊስ ቃል አስመሰልኩባቸው።

ጥሪው ሲያበቃ ወረቀቱን አልጣልኩትም። «ተነስቼ» የሚለውን ደጋግሜ አየሁት። ውስጡ ሁለት ነገር አለ፤ መነሳቱና «እኔ»። ጊዜ ግን የለውም። ዛሬ ይሁን፣ በየቀኑ ይሁን፣ ነገ ይሁን አይናገርም። እሱን የሚናገረው የመጨረሻው ግሥ ነው። «አዞረኝ» ቢሉ ዛሬ ነው፤ «ያዞረኛል» ቢሉ በየቀኑ ነው። ለሐኪም በነዚህ ሁለት መካከል ብዙ ልዩነት አለ። አማርኛ ሰሚውን እስከ ጫፍ ያስጠብቃል፣ ከዚያ በአንዲት ቃል ሁሉንም ይፈታዋል። እኛ ስንሰማው ስላደግን መጠበቃችን አይታወቀንም።

እንግሊዝኛ እንዲህ አያስጠብቅም። ይህን የተረዳሁት በጆርጂያ ጎዳና ሽቅብ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ሰዎች በስልክ ውሏቸውን ያወራሉ። አንድ ቀን ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ ስትናገር የሰማሁትን አስታውሳለሁ። «ሶ አይ ጎት ሆም፣ ኤንድ አይ ዋዝ ሶ ታየርድ፣ ኤንድ አይ ሜድ ሰም ቲ፣ ኤንድ ዜን አይ ጀስት ሳት ዜር።» ቤት ገባሁ፣ በጣም ደክሞኝ ነበር፣ ሻይ አፈላሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። እያንዳንዱ ቁራጭ ብቻውን ይቆማል። የራሱ «አይ» አለው፣ የራሱ ጊዜ አለው። የትኛውም ቦታ ላይ ብታቋርጣት እስከዚያ ያለችው ሙሉ ነው። እናትየዋን ግን «ቡናዬን አፍልቼ» ላይ ብታቋርጣቸው እጅህ ላይ የሚቀር ሙሉ ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «አይ» ለኛ ጆሮ ከባድ ቃል ነው። እምቢታ ነው፣ ቁጭት ነው፣ «አይ ልጄን!» ነው። እዚህ አገር አዲስ የመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ «እነዚህ ሰዎች አይ፣ አይ የሚሉት ምን ሆነው ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። «እኔ ማለታቸው ነው» ስላቸው ገረማቸው። «ሁልጊዜ እኔ?» አሉ። አዎ፣ ሁልጊዜ። ቋንቋቸው ያስገድዳቸዋል። «መጣሁ» ስንል «እኔ» ከግሡ ጭራ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል። የነሱ ግሥ ጭራ የለውም፤ «ኬም» ብቻውን ማን እንደመጣ አይነግርህም። እናም ራስን መውደድ አይደለም፤ የሰዋስው ግዴታ ነው።

ትምህርት ቤት «ኤንድ»፣ ማለትም «እና»፣ እያሉ መቀጠል ነውር እንደሆነ ነው የተማርነው። መምህራችን በቀይ እስክሪቢቶ ያሰምሩበት ነበር። «ሃቪንግ ፊኒሽድ ማይ ሆምወርክ፣ አይ ዌንት ቱ ቤድ»፣ የቤት ሥራዬን ጨርሼ ተኛሁ፣ የሚል ዓረፍተ ነገር የጻፈ ልጅ ይመሰገናል። ለጽሑፍ መምህራችን ልክ ነበሩ። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በ«ሃቪንግ» ጀምሮ ውሎውን የነገረኝ አሜሪካዊ አላጋጠመኝም።

ለዚህ ነገር ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነበር። ዋላስ ቼፍ ይባላል፤ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በበርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ፣ እሱና ባልደረቦቹ የስድስት ደቂቃ ያህል ፊልም ሠሩ። ፊልሙ ውስጥ ንግግር የለም። አንድ ሰውዬ ዛፍ ላይ ወጥቶ ፒር የሚባለውን ፍሬ ይለቅማል፤ አንድ ልጅ በብስክሌት መጥቶ አንድ ቅርጫት ይዞ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ሦስት ልጆች ይረዱታል። ይሄን ፊልም ለብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎች አሳዩና «ያያችሁትን ንገሩን» አሏቸው። የሰው ልጅ አንድን ነገር አይቶ ሲናገር እንዴት እንደሚቆራርጠውና እንደሚያያይዘው ለማየት ነው።

ቼፍ ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ሁሌ ትዝ ይለኛል። ሰው ሲያወራ እንደ ወንዝ አይፈስም፤ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል። በእንግሊዝኛ አንዱ ትንፋሽ በአማካይ አምስት ቃል ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ትንፋሽ ከሚቀጥለው የምታያይዘው ቃል ደግሞ ያቺ መምህራችን በቀይ ያሰመሩባት «ኤንድ» ናት። ሰው በአንድ ጊዜ አእምሮው ውስጥ አብርቶ የሚይዘው ትንሽ ነው፤ እሷን ይናገራል፣ «ኤንድ» ይላል፣ የሚቀጥለውን ያበራል። ይህን ካወቅሁ በኋላ አውቶቡስ ውስጥ የሰማኋት ሴት ንግግር ስንፍና መስሎ አልታየኝም። እየኖረችው ያለችውን ነገር አንድ በአንድ እያበራች ነበር የምታሳየው።

ከዚያ ወዲህ የኛን «ተነስቼ፣ ታጥቤ» በ«ኤንድ» መመለስ ጀመርኩ። «አይ ጎት አፕ፣ ዎሽድ ማይ ፌስ፣ ሴድ ማይ ፕሬየርስ፣ ኤንድ ሜድ ኮፊ፣ ኤንድ አይ ቱክ ማይ ፒል፣ ኤንድ አይ ሳት ዳውን፣ ኤንድ አይ ጎት ዲዚ።» ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ላይ «አይ» አንዴ ብቻ ነው ያለው፤ ከክኒኑ ጀምሮ ግን ይደጋገማል። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሰዎቹ አፍ ነው የለቀምኩት። «አይ» ሲጣል ድርጊቶቹ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ የተለመደ የጠዋት ነገር ነው፣ እለፈው ማለት ነው። «አይ» ሲመለስ ንግግሩ ይዘገያል፤ እዚህ ጋ አድምጠኝ ማለት ነው። «ደውዬለት መልእክት ተውኩለት» የሚለውን አሜሪካዊ በሁለት መንገድ ይለዋል። «አይ ኮልድ ሂም ኤንድ ሌፍት ኤ ሜሴጅ» ካለ አንድ ሥራ ነው። «አይ ኮልድ ሂም፣ ኤንድ አይ ሌፍት ኤ ሜሴጅ» ካለ ግን ሁለቱንም አድርጌያለሁ፣ ከኔ የቀረ ነገር የለም ይመስላል። አንዲት «አይ» ናት ይሄን ሁሉ የምትሠራው።

ያቺ «አይ» አንዴ አስደንግጣኛለች። አንድ የስኳር ታካሚ በስልክ «ዛሬ ምንም ሳልበላ ክኒኑን ዋጥኩ» አሉ። «ሳልበላ» እንዴት ያለች ቃል ናት! አራት ፊደል ውስጥ እምቢታውን፣ መብላቱንና ሰውየውን ይዛለች። እኔ በጥድፊያ «አይ ዲድንት ኢት ኤንድ ቴክ ዘ ፒል» አልኩ። ነርሷ ሳትቆይ «እንግዲያው አሁን ይዋጡት» አለች። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። አንዳንድ የስኳር ክኒን ሳይበሉ ከተዋጠ ስኳርን ከልክ በላይ ያወርዳል። እሳቸው ውጠዋል፤ እሷ ደግሞ ድጋሚ እንዲውጡ እያዘዘች ነው።

ስህተቱ የት እንደነበር አሁን ጥርት ብሎ ይታየኛል። «ዲድንት» ጥላው ሩቅ ይወድቃል። «አይ»ን ሳልደግም «ቴክ» ካልኩ፣ ጥላው ክኒኑም ላይ ይወድቃል፤ አልበላሁም፣ ክኒንም አልወሰድኩም ይሆናል። «ቱክ» ብል ይለይ ነበር። ግን «ቴክ» እና «ቱክ» በአንዲት ድምፅ ነው የሚለያዩት፤ በስልክ፣ በኛ አነጋገር፣ ማን ይለየዋል? አሜሪካዊ ቢሆን «አይ ዲድንት ኢት፣ ኤንድ አይ ቱክ ዘ ፒል» ብሎ መሃሉ ላይ አጥር ያቆም ነበር። ሁለተኛዋ «አይ» አጥሯ ናት።

ወዲያው አስቆምኳቸው። «ይቅርታ፣ አስተርጓሚዋ ስህተት ታርማለች» አልኩ። ደንቡ እንደዚያ ነው። «አይ» የታካሚው ስለሆነች፣ እኔ በራሴ ስም መናገር ስፈልግ ስለ ራሴ እንደ ሌላ ሰው ነው የማወራው። በዚያ ጥሪ ውስጥ የራሴ «እኔ» ቦታ የለውም። አረምኩት፤ ነርሷም ስኳራቸውን እንዲለኩና ቶሎ እንዲበሉ ነገረቻቸው። ያን ቀን ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒውን ሠራሁ፤ የሌለ ማያያዣ ጨመርኩ። አንድ ሰውዬ ለሐኪማቸው «አዲሱን መድኃኒት ጀምሬ፣ እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ» አሉ። እኔ መሃሉ ላይ «ሶ» አስገባሁ። መድኃኒቱን ጀመርኩ፣ ስለዚህ እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሙም «መድኃኒቱ እንቅልፍ ከነሳዎት እንቀይረዋለን» አለ። ይህን ስመልስላቸው ሰውየው ተቆጡ። «መድኃኒቱ ነው የሚል ቃል መቼ ከአፌ ወጣኝ? አገር ቤት እናቴ ታመውብኝ ነው እንጂ!» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ አልወጣቸውም። «ጀምሬ» የቱ ከየቱ ቀጥሎ እንደመጣ ይናገራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ምክንያቱን ሰሚው ነው የሚገምተው። «ኤንድ» ም ልክ እንደዚያው ናት። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፣ ከዚያ እጇን ትሰበስባለች። «ሶ» (ስለዚህ) እና «ቢኮዝ» (ምክንያቱም) ግን ይፈርዳሉ። አሜሪካውያን ስለ ራሳቸው ሲያወሩ «ሶ» ብዙ ይወዳሉ፤ አብዛኛው «ሶ» ወሬ መቀጠያ ነው፣ «እና» ወይም «እንግዲህ» እንደምንለው። የሐኪም ክፍል ውስጥ ግን የሰው አፍ ላይ ምክንያት ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ታካሚው ራሱ «ስለዚህ» ወይም «ስለ» ካላለ እኔም «ሶ» አልልም።

ከሁሉም አብዝቼ የምወደው ግን «ብዬ»ን ነው። «ያልፋል ብዬ ዝም አልኩ።» ይሄን ዓረፍተ ነገር በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማው ቆጥሬው አላውቅም። ወገኖቻችን ሕመማቸውን ይዘው ወራት የሚቀመጡት በዚህ «ብዬ» ነው። ጮክ ብለው አላሉትም፣ በልባቸው ነው ያሉት። እንግሊዝኛ ለዚህ ምን አለው? ወጣት ቢሆን «አይ ዋዝ ላይክ፣ ኢትል ፓስ» ይላል። ይሄ «አይ ዋዝ ላይክ» አዲስ ነገር ነው፤ ሮናልድ በተርስ የሚባል የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1982 ነው በጽሑፍ ልብ ብሎ የመዘገበው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት በተለይ ከ«አይ» ጋር ነው የተዛመደው፣ በተለይም ሰው ሳይናገር በልቡ ያለውን ለመጥቀስ። ከኛ «ብዬ» ጋር በጣም ይቀራረባሉ። ሁለቱም ንግግር መስለው ሐሳብ ይሸከማሉ።

ሆኖም የሰባ ዓመት እናት አፍ ላይ «አይ ዋዝ ላይክ» አላስቀምጥም። ክብራቸውን ይነካል። «አይ ፊገርድ ኢት ውድ ፓስ» እላለሁ። እዚህ አገር ያሉ ትልልቅ ሰዎች ከሐኪም ጋር ሲያወሩ የሚሉት እንደዚያ ነው። ቀለል ያለ ነው፣ የሰው ድምፅ አለው።

«ብሎኝ» ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። «ዶክተሩ እደውልልሻለሁ ብሎኝ ቀረ።» እዚህ ውስጥ ያለው «እደውላለሁ» የማን ነው? የዶክተሩ። ታካሚዋ ዶክተሩን በራሱ ቃል አናግረው፣ በራሳቸው «እኔ» ውስጥ አስገብተውት፣ እኔ ደግሞ የሳቸውን «እኔ» ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ሦስት «እኔ» አንዱ በአንዱ ውስጥ። እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ የውስጠኛውን ያወጣዋል፤ «ሂ ቶልድ ሚ ሂድ ኮል፣ ኤንድ ሂ ኔቨር ዲድ»፣ እንደሚደውል ነገረኝ፣ አልደወለም፣ ይላል። ቃል በቃል ብመልሰው ደዋይዋ ታካሚዋ ራሳቸው ይሆናሉ።

አንድ ነገር ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። እኛ «ራበኝ፣ ደከመኝ፣ ይመስለኛል» ስንል፣ ነገሩ ነው ባለቤቱ፤ እኛ የሚደርስብን ነን። እንግሊዝኛ ግን «አይ ቲንክ» ብሎ ሰውየውን ፊት ያቆማል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ራበኝ» የሚባለው ልክ እንደኛ ነበር፤ ለ«ይመስለኛል»ም «ሚቲንክስ» የሚል ቃል ነበራቸው፣ «ለእኔ ይመስላል» ማለት ነው። በኋላ «አይ» መጥታ ቦታውን ያዘች። አሁን «አይ ቲንክ» ራሷ ደክማ እንደኛ «መሰለኝ» ሆናለች። ሲፈልጉ ፊት ያደርጓታል፣ ሲፈልጉ «ሂ ሌፍት፣ አይ ቲንክ» ብለው ጭራ ላይ ይጥሏታል። «ሄዷል መሰለኝ»።

አዲስ ለሚመጡ ልጆች አንዲት ነገር ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። አሜሪካውያን «አይል ጎ ጌት ኢት» ይላሉ፣ ያለ ምንም ማያያዣ፤ ልክ «ሄጄ ላምጣው» ይመስላል። ትናንትን ለመናገር ግን «አይ ዌንት ጎት ኢት» አይባልም። «ኤንድ» ትመለሳለች፤ «አይ ዌንት ኤንድ ጎት ኢት» ነው።

የስምንት ዓመት ልጅ አለችኝ። እዚሁ ነው የተወለደችው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ማያያዣው ግን የእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው እሁድ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ ውሎዋን ስትነግራት ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። «እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ እና እኔ ዘመርኩ፣ እና እኔ ቤት መጣሁ፣ እና እኔ ፓስታ በላሁ» አለች። ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው። ግን እኛ «እኔ» የምንለው ከሌላው ስንለይ ነው። እናቴም የሰማችው እንደዚያ ነው።

«እናትሽስ? ወንድምሽስ?» አለቻት ደንገጥ ብላ። «እነሱ አልበሉም?»

ልጄ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ወደ ወጥ ቤት አየች። «እማ፣» አለችኝ፣ «አያቴ ስለ እኔ ነው የነገርኳት፤ እሷ ግን ስለ እናንተ ትጠይቀኛለች።»

እጄን አድርቄ ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ሄጄ፣ ዘምሬ፣ መጥቼ፣ ፓስታ በላሁ በያት» አልኳት። ቀስ እያለች፣ እያንዳንዷን ቃል በጣቷ እየቆጠረች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።